እንግዳ ብቻውን አይተውም

ፈረንጇ የግቢያችንን ሁለት ክፍሎች ከተከራየች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗት ነበር። ሥራዋ ከበግ ጋር ነው። በሞላሌ ዙሪያ ባሉት ቀበሌዎች እየዞረች የታመመውን ታክማለች፣ ያልታመመውን ትከትባለች፤ ማታ ስትመለስ ሽታዋ ከበር ይቀድማታል። እማዬ መጀመሪያ ሰሞን፣ "ይሄን ሁሉ ባሕር ተሻግራ ለበግ ነው የመጣችው? የመንዝ ሰው በግ ጠፍቶበት ነው?" ትል ነበር። ኋላ የእኛኑ ሁለት ጠቦቶች ከሞት ስትመልስልን ይህን ማለቷን ተወች። ልጅቷ አማርኛም ለምዳለች። ገበያ ወርዳ ለመከራከር፣ ከገበሬ ጋር ለመቀላለድ ይበቃታል። ስትናደድ ብቻ ወደ አገሯ ቋንቋ ትመለሳለች፤ አገሯ ኖርዌይ ነው።

በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ ጓሮ ልብስ ስናጥብ፣ "እናትና አባቴ በጥር ሊመጡ ነው" አለችኝ።

እኔ በደስታ ዘለልኩ። እሷ ግን አንዱን ካልሲ ደጋግማ ታሻለች።

"ምነው? ደስ አላለሽም?"

"ብሎኛል።" ካልሲውን ጨመቀችው። "ግን እናቴ የማታውቀው ነገር አለ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። የሥራ ውሏ ሰኔ ላይ ያልቃል። እናቷ አገራቸው ሆነው ያቺን ሰኔ ይቆጥራሉ፤ የልጅነት ክፍሏን ቀለም አስቀብተው ጨርሰዋል። እሷ ደግሞ ሁለት ዓመት ለመጨመር ፈርማለች። ሦስት ጊዜ ስልክ ደውላ ልትነግራቸው ሞክራ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ብርዱ አውርታ ዘግታዋለች።

"ፊት ለፊት ነው የምነግራት" አለችኝ። "ብቻችንን ስንሆን። እስከዚያ ለማንም አትንገሪ።"

"እሺ" አልኩ። ከነገሩ ሁሉ ከባዱ "ብቻችንን ስንሆን" የሚለው እንደሆነ ያኔ እኔም እሷም አልገባንም።

እማዬ የእንግዶቹን መምጣት ስትሰማ ቤቱ ተናወጠ። ግድግዳ ተለቀለቀ፣ ጠላ ተጠነሰሰ፣ ገብስ ተቆላ፣ ከሳጥን ሥር ለሠርግ የሚቀመጡት የሱፍ ብርድ ልብሶች፣ ባናዎቹ፣ ወጥተው ፀሐይ ላይ ተሰጡ። ትልቋ እህቴ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። እማዬ ሊጥ ስታቦካም፣ ቤት ስትጠርግም የምታወራው ይህንኑ ነው። "ልጁን ሊያይ ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣ ሰው! እኔ ብችል ቤይሩት አልሄድም ነበር? ሄጄስ ማን ይቀበለኛል? ማን ያጫውተኛል? እኚህ ሴትዮ በእኔ ግቢ ብቸኝነት ከተሰማቸው እግዜር ይጠይቀኛል።"

እና ፈረንጇ ቀን ቀን ሥራ ላይ ስለምትሆን እማዬ ተራ አወጣች። ልክ እንደ ማኅበር! ጠዋት ጠዋት ከአጥራችን ማዶ ያለችው ጎረቤታችን፣ እኔ እትዬ የምላት፣ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ሆና ትመጣለች፤ ከሰዓት በኋላ ሌሎቹ ይተካሉ፤ ማታ እኛው ራሳችን አለን። ሰውዬውን ደግሞ አባቴ ይረከባል።

"አንቺ ታስተረጉሚያለሽ" አለችኝ።

የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና አልቆ እረፍት ላይ ስለነበርን ማምለጫ አልነበረኝም። ደግሞ እውነቱን ለመናገር ኮርቻለሁ። ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ፤ እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ፕላዝማው ነው። ፕላዝማው ውስጥ ያለው መምህር ጥያቄ ይጠይቅና ትንሽ ዝም ብሎ "በጣም ጥሩ!" ብሎ ያልፋል። ክፍሉ ይመልስ አይመልስ፣ ይግባው አይግባው ጉዳዩ አይደለም። የእኔም አስተርጓሚነት እንደዚያ እንደሚሆን መገመት ነበረብኝ።

መጡ። አባትየው ግዙፍ፣ ቀይ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። አባቴም ዝምተኛ ነው። ሁለቱ ሰዎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጎን ለጎን ከቤት ወጥተው ወደ በጎቹ ይሄዱና ማታ ጎን ለጎን ይመለሳሉ፤ ምን እንደተባባሉ የሚያውቅ የለም፤ ከሁላችንም የተስማሙት ግን እነሱ ናቸው። እናትየው ቀጭን፣ ፀጉራቸው እንደ ተባዘተ ጥጥ የነጣ፣ ሰው ሲያናግራቸው ጎንበስ ብለው የሚያዳምጡ ሴት ናቸው። እጃቸው ሥራ አይፈታም። በሁለት ቀጫጭን ዘንጎች የሱፍ ሹራብ ይሠራሉ፤ ሲሠሩ በቋንቋቸው በለሆሳስ ይቆጥራሉ። አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት ሲሉ በሩ ይከፈትና፣

"እንደምን አደሩ!"

ይነሳሉ፣ ጉንጫቸውን ሦስት ጊዜ ያስማሉ፣ ተቀምጠው ከአንድ ይጀምራሉ። አሥራ ሁለት ሲደርሱ ሌላ ሰው ይገባል። ያ ሹራብ በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ውስጥ ከጣት አልረዘመም።

ሰው ሁሉ የሚጠይቃቸው አንድ ዓይነት ነገር ነው።

"ስንት ወለዱ?" ትላለች እትዬ።

"አንድ።"

"አንድ ብቻ! ምነው? ታመው ነው?"

እኔ፣ "ቤተሰብዎ ደኅና ነው ወይ ትላለች" እላለሁ።

"ልጅትዋስ? መቼ ነው የምታገባው? ይሄ ሁሉ በግ ባል ይሆናታል?"

እኔ፣ "ልጅዎ ጎበዝ ናት ትላለች" እላለሁ።

ያው ጥያቄ ከሰዓት በኋላ በሌላ ሰው ይደገማል። በሦስተኛው ቀን እሳቸውን መጠየቅ ትቼ ራሴ መመለስ ጀመርኩ። "አንድ ነው የወለዱት። አልታመሙም። ልጅቷ አላገባችም። አዎ፣ ፀጉራቸው የራሳቸው ነው።" እሳቸው ከእኔ ወደ ሴቶቹ፣ ከሴቶቹ ወደ እኔ እያዩ ፈገግ ይላሉ፤ ስለ እሳቸው እየተወራ እሳቸው እንግዳ ሆኑ።

ምግቡማ ሌላ ጣጣ ነው። "በሞቴ ይብሉ" ሲባል መጀመሪያ ጊዜ ቃል በቃል ነገርኳቸው፦ "ካልበሉ ትሞታለች።" ደንግጠው እማዬን አዩአት። እማዬ ሁለት ሌሊት አልተኛችም፤ ፊቷ ገርጥቷል፤ በእርግጥም የምትሞት ትመስላለች። በሉ። እትዬ ደግሞ፣ "አፈር ስሆን፣ የእኔንም አንድ ጉርሻ" አለች። ይህንንም ተረጎምኩ። ሴትዮዋ ከዚያ ወዲህ ሰው ለማዳን የሚበሉ ይመስል ዓይናቸውን ጨፍነው ይውጡ ነበር።

አሁን ሳስበው እስቃለሁ። ያኔ ግን ጉሮሮዬ ደርቆ፣ ጠዋት ስነሳ ምላሴ የማን እንደሆነ ይጠፋኝ ነበር። እማዬን በእንግሊዝኛ እህል ጠይቄያታለሁ። ለእትዬ በእንግሊዝኛ መልሼላት "ጉድ ፈላ፣ ልጅቱን ለወጧት!" ብላ ሰፈሩን አስቃብኛለች።

ፈረንጇ ደግሞ ማታ ማታ ስትገባ በዓይኗ ትጠይቀኛለች፤ እኔ በራሴ አይሆንም እላታለሁ። ክፍላቸው ውስጥ እማዬ አለች፣ እኔ አለሁ፣ ሌሎች ሁለት ሦስት ሰዎች አሉ። መብራት እስኪጠፋ እናጫውታቸዋለን። ልጅና እናት በመካከላችን ተቀምጠው በምግብ ሳህን ላይ ይተያያሉ። በሦስተኛው ቀን እናቷን ይዛ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ኮረብታ ልትወጣ ሞከረች። ከበር ሳይርቁ እትዬ ነጠላዋን እያጣፋች ደረሰች፤ ኮረብታው ላይ ደግሞ የንስሐ አባታችን፣ ሁላችን አባ የምንላቸው፣ ጥላቸውን ዘርግተው ይጠብቁ ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ አሠራር ላይ እስከ ምሳ ድረስ አስተረጎምኩ። "ጉልላት" በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ፕላዝማው አላስተማረኝም፤ ባርኔጣ ብዬ አለፍኩት።

በአምስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ የመሥሪያ ቤቷን መኪና ለምና እናቷን ወደ ጓሳ ልትወስድ ተነሳች። "ጓሳ ላይ ማንም የለም" አለችኝ በሹክሹክታ። "ሳርና ነፋስ ብቻ።" እኔም ተስፋ አደረግሁ።

እማዬ ግን ይህን ስትሰማ እጇን ከሊጥ አወጣች። "በዚያ ምድረ በዳ ብቻቸውን? ምን ይሉናል?" እሷ ምሳ ልታሰናዳ ቀረች፤ በምትኳ እትዬ፣ ሁለት ሴቶችና አባ መኪናው ላይ ተጫኑ። እኔ አባና እትዬ መሐል ተጣብቄ ሄድኩ። የመጨረሻውን መንገድ በእግር ነው የሄድነው። ሳሩ እስከ ወገብ ይደርሳል፤ ነፋሱ ያስተኛዋል፣ መልሶ ያነሳዋል። ፈረንጇ የእናቷን ክንድ ይዛ ፈጠን ፈጠን እያለች ቀደመች። እኔ ገባኝ። መንገድ ላይ ተቀመጥኩና፣

"እግሬን! እትዬ፣ ትንሽ እንረፍ" አልኩ።

"አንቺ እረፊ። እነሱን ብቻቸውን እንልቀቃቸው? ቀይ ቀበሮ ቢመጣስ?"

"ቀይ ቀበሮ እኮ የሚበላው አይጥ ነው።"

"ፈረንጅ አይጥ አለመሆኗን እስኪለይ ድረስ ማን ይጠብቃል!" አለችና ሳሩን እየገመሰች ሮጠች። ደርሳ የእናትየውን ሌላኛውን ክንድ ያዘች። ሦስቱ ተያይዘው ወጡ። ከሩቅ የፈረንጇ ትከሻ ዝቅ ሲል አየሁ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ እናትየው ጠዋት ከክፍላቸው አልወጡም። ሄጄ ስጠይቃቸው፣ "ራሴን አሞኛል። ትንሽ ብቻዬን ልተኛ፤ ለእናትሽ ንገሪልኝ" አሉኝ።

ራሳቸውን እንዳልታመሙ ያወቅኩት ሹራቡን ብርድ ልብስ ውስጥ ሲደብቁ ስላየሁ ነው። እኔም በየዋህነት ሄጄ ለእማዬ "ራሳቸውን አሟቸዋል" አልኳት።

ሰው ታመመ ሲባል እኛ ዘንድ ምን እንደሚሆን ለመንዝ ሰው አልነግርም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቤቱ ሞላ። በደኅና ጊዜ በተራ ይመጡ የነበሩት በሕመም ጊዜ ሁሉም በአንድ ላይ መጡ። እትዬ እግራቸው ሥር ተቀምጣ እግራቸውን ታሻለች፤ አንዷ ፌጦ በጥብጣ፣ ሌላዋ ነጭ ሽንኩርት ፈጭታ ይዛለች፤ አባ ጠበል ረጩባቸው። የቀረው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ከንፈሩን ይመጥጣል። በየመካከሉ አንዱ፣ "እግዜር ይማርዎ" ይላል። እትዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "በሰው አገር እንዳይቀሩብን እንጂ" አለች።

"ምን አለች?" አሉኝ ሴትዮዋ።

"ቶሎ ይሻልዎታል አለች።"

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ማንም አልወጣም። እማዬ ቆማ ስታስተናግድ ግድግዳውን ይዛ ዓይኗን ጨፈነች፣ ገለጠች፣ ቀጠለች። ሴትዮዋ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። ጎንበስ ብዬ ሳያቸው እንባቸው በአፍንጫቸው ላይ አቋርጦ ትራሱን አርሶታል። ዘወር ሳይሉ እጄን ያዙኝ።

"እናትሽ ደግ ሴት ናት" አሉኝ በቀስታ፣ ቃል በቃል እየለቀሙ። "ግን ለመንኩሽ፤ አንድ ከሰዓት ብቻ። ከልጄ ጋር ብቻዬን። ልጄ የሆነ ነገር ልትነግረኝ ትፈልጋለች። ፊቷን አውቀዋለሁ። ቅዳሜ እንሄዳለን።"

"ምን አሉ?" አለች እማዬ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

ያን ሁሉ ሰው አየሁት። ሥራውን ትቶ የመጣውን፣ ፌጦ የበጠበጠውን።

"ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ አሉ" አልኩ።

"ምስኪን!" አሉ ሁሉም በአንድ አፍ፤ ጭራሽ ተመቻችተው ተቀመጡ።

በአሥረኛው ቀን ወጥ ቤት ገባሁ። እማዬ እሳት ታናፍሳለች። ሌሊቱን ሙሉ ስለማመደው ያደርኩትን ረሳሁትና እንዲሁ ከአፌ ወጣ፦

"እማዬ፣ ሴትዮዋ ብቻቸውን መሆን ይፈልጋሉ። ከልጃቸው ጋር።"

"ብቻቸውን?" ቀና አለች። ዓይኗ በጭስ ቀልቷል። "ምን አጎደልኩባቸው?"

"ምንም።"

"ምግቡ አልተስማማቸውም? ያቺ እትዬሽ ነገር አበዛችባቸው? እኔ እኮ ብያታለሁ፣ የባል ነገር አታንሺ ብያታለሁ..."

"ምንም አላጎደልሽም፤ አብዝተሽ ነው።"

ይህን ብዬ ወደ በሩ ጠጋ አልኩ፤ አንዳች ነገር ትወረውርብኛለች ብዬ ነበር። አልወረወረችም።

"ልጃቸውን በየማታው ያዩ የለም እንዴ?"

"ከእኛ ጋር ነው የሚያዩአት። ከመጡ ጀምሮ ለብቻቸው አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ትላንት ራሳቸውን አልታመሙም፤ ሰው እንዲወጣላቸው ብለው ነው።"

እማዬ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ወጡ ሊያር ሲል እኔ አማሰልኩት።

"እኔስ ያልደከመኝ መሰለሽ?" አለች በመጨረሻ። "ከጥምቀት ወዲህ እግሬን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ? ግን እንግዳ ብቻውን ተቀምጦ ሰው ካየው፣ እነ እገሌ ጥለውት ይባላል።" ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለእሳቱ፣ "የእኔዋም ብትመጣ አገሩ ሁሉ ነው ቤቴን የሚሞላው። እኔ መቼ ላያት ነው?"

ተነሳች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

"ሂጂ፣ ልጅቷን ከሥራ ጥሪያት።"

ሮጥኩ። ፈረንጇን ከተማው ዳር በረት ውስጥ በግ ጠምዝዛ ይዛ አገኘኋት፤ እንደዚያው እጇን ሳትታጠብ መጣች። እናቷ ክፍል ገባችና በሩን ዘጋች። እማዬ ደግሞ በርጩማዋን የግቢው በር ላይ አኖረች፣ እንዝርቷንና ሱፏን ይዛ ተቀመጠች። በሕይወቷ ሰው ከበር መልሳ የማታውቅ ሴት!

መጀመሪያ የደረሰችው እትዬ ናት። በሳህን ጭኮ ይዛለች።

"ተኝተዋል" አለች እማዬ።

"በዘጠኝ ሰዓት?"

"መድኃኒት ውጠው።"

"እንግዲያው እግራቸው ሥር ልቀመጥላቸዋ።"

"ዛሬ ይቅር።"

እትዬ ወገቧን ያዘች። "ምነው ደበቅሻቸው? ሻንጣቸውን ለብቻሽ ልትወርሺ ነው?"

"አዎ፣ ለብቻዬ። በይ ሂጂልኝ፣ አፈር ስሆን።"

እትዬ እያጉረመረመች ሄደች፤ ጭኮውን ግን ትታው ነው የሄደችው። ሌሎች ሁለት ሴቶችም በዚያው መድኃኒት ተመለሱ። ከዚያ አባ መጡ። እማዬ ተነስታ መስቀል ተሳለመች። ለአባ መዋሸት አልቻለችም።

"አባ፣ ልጃቸውን እያናገሩ ነው።"

"ታዲያ ገብቼ ብባርካቸው ምን ይከፋል?"

"ይቆዩ አባ። እናትና ልጅ ናቸው።"

አባ ወደ ተዘጋው በር አዩ፣ እማዬን አዩ፣ አጥሩ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። "እንግዲያው አንቺን ላጫውትሽ" አሉ። እማዬ አቃሰተች፤ እኔ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ።

ከክፍሉ የሚሰማው ድምፅ መጀመሪያ ቀስ ያለ ነበር። የማላውቀው ቋንቋ ነው፤ አሥር ቀን ሙሉ ሰው የሚለውን ሁሉ ስሸከም ቆይቼ የማይገባኝን መስማት እንዴት እንደሚያሳርፍ! ዓይኔ ሊከደን ሲል የእናትየው ድምፅ ከፍ አለ። የልጅቷም ከፍ አለ። ከዚያ ልቅሶ መጣ፤ ሰው ሲሞት እንደሚለቀሰው ሳይሆን፣ አንዳች ነገር ከእጅ ወድቆ ሲሰበር እንደሚወጣው ዓይነት።

እማዬ እንዝርቷን አቆመች። "ምን ነገረቻቸው?"

እኔ መሬቱን አየሁ።

"ታውቂያለሽ አይደል? ንገሪኝ።"

ነገርኳት። ሁለት ዓመት። ሰኔ ላይ አትሄድም። ቀለም የተቀባው ክፍል።

"ይህን እያወቅሽ ነው?" ድምፅዋ አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። "እኔ ለእናትየው ብዬ ነበር በር የያዝኩት። 'አልመጣም' ልትላቸው ኖሯል? 'አንድ ዓመት ልጨምር' ያለችኝ የእኔዋ ልጅ ናት፤ ሁለት ጊዜ። ያን ቃል ነው ጠባቂ ሆኜ ያስነገርኩት?"

"መነገራቸው አይቀርም ነበር እማዬ። ሌላ ቀን፣ በስልክ..."

"ዝም በይ።"

"ዘንድሮ ልጅ ሁሉ እግር አውጥቷል" አሉ አባ ለራሳቸው።

ጥቂት ቆይቶ በሩ ተከፈተ። ሴትዮዋ ብቻቸውን ወጡ። ፊታቸው አብጧል። በግቢው መሐል ቆመው የሚሄዱበት የጠፋቸው መሰሉ። እማዬ ተነሳችና በርጩማውን ለቀቀችላቸው፤ ራሷ መሬት ላይ ተቀመጠች። "ይብሉ" አላለችም። "አይዞዎት" አላለችም። እኔንም "ንገሪያቸው" አላለችኝም። ሱፏን መፍተል ቀጠለች። ሴትዮዋ እንዝርቱ ሲዞር እያዩ ተቀመጡ፤ አባም ሳይቀሩ ዝም አሉ።

ዓርብ ቀን ማንም አልመጣም፤ እማዬ ምን ብላ እንዳስቀረቻቸው አላውቅም። ፈረንጇና እናቷ በአንድ ግቢ ውስጥ እየተላለፉ ዋሉ። ልጅቷ ከሥራ ቀርታለች። ስታናግራቸው በአጭሩ ይመልሱላታል፣ ፊታቸውን ግን አያዞሩላትም። "ጠላችኝ" አለችኝ፣ ጓሮ፣ በዚያው ልብስ በምናጥብበት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ። የሌላ ሰው ቃል ከሌለኝ ለካ የራሴ ቃል ያጥረኛል።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናው መጣ። ሳሩ በውርጭ ነጥቷል። አባቴና ሰውዬው ዕቃ እየጫኑ ነው፤ ሁለቱም እንደ ልማዳቸው አይናገሩም፤ ሰውዬው ብቻ አባቴን በሁለት እጃቸው ጨብጠው አልለቅ አሉ። ፈረንጇ የሥራ ቦት ጫማዋን አድርጋ የመኪናው በር አጠገብ ቆማለች። እናቷ እሷን አልፈው ወደ እማዬ መጡ።

"አንድ ነገር ጠይቂልኝ" አሉኝ። "ቤይሩት ያለችው ልጅሽ ከሄደች ስንት ጊዜዋ ነው?"

ጠየቅኩ።

"ሦስተኛ ዓመቴ ነው በያት" አለች እማዬ።

ሴትዮዋ የእማዬን እጅ ያዙ። "ይለመዳል ወይ?"

ሰው ሲሸኝ የሚባል ስንት ነገር አለ። እግዜር ያውቃል፣ ሁሉም ለበጎ ነው፣ ዋናው ጤና ነው። እማዬ እነዚህን ሁሉ አሳምራ ታውቃለች፤ ሰው ቤት ስትሄድ ስትላቸው ስንቴ ሰምቻለሁ።

"አይለመድም በያት" አለች። "ማክሰኞ ማክሰኞ ግን ትደውላለች። ማክሰኞ ሥራ አልይዝም፤ ስልኩን ይዤ እቀመጣለሁ። ከረቡዕ ጀምሮ ደግሞ ማክሰኞን እጠብቃለሁ። ሳምንቱ እንዲያ ያልቃል በያት።"

ነገርኳቸው። ዝግ ብለው አዳመጡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እማዬን ሳሟት። ከዚያ ዞረው ወደ ልጃቸው ሄዱ፤ ሁለት እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አኑረው በቋንቋቸው አንዲት ነገር አሏት። ልጅቷ መለሰችላቸው። ተቃቀፉ፤ ሾፌሩ ክላክስ እስኪያደርግ አልተላቀቁም።

መኪናው ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ ከታጠፈ በኋላ ፈረንጇን ጠጋ ብዬ፣

"ምን አሉሽ?" አልኳት።

"'የቱን ቀን ትደውያለሽ?' አለችኝ።"

"ምን አልሻቸው?"

"እሑድ።" አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች፣ የመድኃኒት ቦርሳዋን አንስታ ወደ በጎቿ ሄደች። እኔ ገባሁና ተኛሁ።